ሲንቄ ለወንዶች

ሚስቴ ሌንሳ እህቷ ወልዳ ልታርሳት ዴራ፣ እናቷ ቤት፣ አሥራ አንድ ቀን ቆየች። ከአሥራ አንዱ ስምንቱን ቀን ምንም ሳላጠፋ ነው የኖርኩት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስትፈርዱብኝ ስምንቱን ቀን እንድታስቡልኝ ነው። ድስት አላሳረርኩም፣ ቁልፍ አልጣልኩም፣ አበባዎቿን በየማለዳው ውኃ አጠጥቻለሁ። አንደኛዋ የፕላስቲክ መሆኗን ያወቅሁት በአምስተኛው ቀን ነው፤ አንዴ ጀምሬያለሁ ብዬ እሷንም ማጠጣቴን አላቋረጥኩም።

በዘጠነኛው ቀን የሆነውን ለማውራት ግን መጀመሪያ ስለ ሱሪዎቹ መናገር አለብኝ።

አዳማ ውስጥ፣ ከፖስታ ቤት ወረድ ብሎ፣ የወንዶች ልብስ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ክረምት መውጫ ላይ ከመርካቶ ጂንስ ሱሪዎች አመጣሁ። የአከፋፋዩ ምላስ አሳስቶኝ ነው እንጂ ዓይኔስ አይቷል፤ ሱሪዎቹ ከላይ እስከ ታች እኩል ቀጭን ናቸው። «ስሊም ነው፣ ሰውን ያስረዝማል» አለኝ። ማስረዘሙንስ ያስረዝማል፤ የሚገባበት ሰው ከተገኘ። አንድ ደንበኛዬ ሊሞክር ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ ብዙ ከቆየ በኋላ «ኧረ የሰው ያለህ!» ሲል ሰማሁት። የጎረቤቴን የጁስ ቤት ባለቤት ሙክታርን ጠርቼ፣ እሱ አንዱን እግር እኔ አንዱን ይዘን ጎትተን ነው ያላቀቅነው። ሰውየው ሱሪውን አልገዛም። ከዚያ ወዲህ በሱቄ ደጃፍ ሲያልፍ ፈጠን ይላል።

እንዲህ እንዳለሁ ኢሬቻ ደረሰ። በዚያ ሰሞን ከተማችንን ያየ ያውቃል፤ ከፍራንኮ እስከ ፖስታ ቤት ሱቁ ሁሉ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ይለብሳል። ቀሚሱና ሸሚዙ ወጉ ነው፣ ያምራልም። እየቆየ ግን ካልሲውም፣ ጃንጥላውም፣ የስልክ ሽፋኑም ባህላዊ ሆነ። ከእኔ ማዶ ያለው ነጋዴ የሕፃናት ዳይፐር መያዣ ቦርሳ ላይ ጥለት አሰፍቶ «ባህላዊ» ብሎ ለጥፎበታል። ያለ ባህል የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሱቄ ውስጥ ባህላዊ የሚባል ነገር ቢኖር ደንበኛን በርጩማ ላይ አስቀምጦ ስለ ቤተሰቡ መጠየቅ ነው፤ እሱ ደግሞ አይለጠፍም።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ካልሲ ሳጠልቅ ዓይኔ ግድግዳው ጥግ ላይ አረፈ። የሌንሳ ሲንቄ ቆሟል። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ከላይ እስከ ታች እኩል። አንድ እግሬ ባዶውን እንደሆነ ተነሥቼ ቆምኩ። ሱሪዎቼ ስም አገኙ።

ሲንቄ በኦሮሞ ወግ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ዘንግ ነው። የማውቀው እስከዚህ ድረስ ነበር። በሠርጋችን ቀን እናቷ ሲሰጧት አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ግን ሙሽራ ምን ያያል? እኔ የማየው የአዳማ ነፋስ ሊጥለው የሚያዘነብለውን ኬክ ነበር። ከዚያ ወዲህ በስድስት ዓመት ውስጥ ሲንቄውን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነካሁት፤ የሸረሪት ድር ላወርድበት። ሌንሳ ቃል ሳትተነፍስ ከእጄ ተቀብላ በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ቦታው መለሰችው። እኔም በቀላሉ የሚሰበር ዕቃ ነው ማለት ነው ብዬ አለፍኩት።

እዚህ ላይ አስተዳደጌን ሰበብ ላድርግ። ያደግሁት ወንጂ፣ የሸንኮራ ሠራተኞች መንደር ውስጥ ነው። አባቴ ከከምባታ፣ እናቴ ከመንዝ፣ ጎረቤቶቻችን ከየትም ከየትም። የዚያ መንደር ልጅ በአራት ቋንቋ መሳደብ ይችላል፣ በአንዱም ሰላምታ አይጨርስም። የእኔ ኦሮምኛ የኳስ ሜዳ ኦሮምኛ ነው፤ ኳስ ለመቀበል ይበቃል፣ ይቅርታ ለመጠየቅ አይበቃም። ይህን ጉድለቴን ያወቅሁት ደግሞ ይቅርታው ከመጣ በኋላ ነው።

ሲንቄውን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ልብስ የማለብሰው አሻንጉሊት ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የለም። ዘንጉን በእጅጌው አሳልፌ ክንድ አደረግሁለት፣ ጫፉ ላይ ሁለት ሱሪ አንጠለጠልኩ፣ ሦስተኛውን ለራሱ አለበስኩት። ያ ሱሪ በልኩ የሆነለት ፍጡር እሱ ብቻ ነው፤ አይተነፍስማ። ከዚያ በትልቅ ካርቶን ላይ በቀይ ቀለም ጻፍኩ፦ «ሲንቄ ሱሪ መጣ! ዘንድሮ ሲንቄ ለወንዶችም!»

ራቅ ብዬ አየሁት። እውነት ለመናገር ኮራሁ። ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ ቀረጽኩ፣ በአማርኛ ጀምሬ በኳስ ሜዳ ኦሮምኛዬ ጨረስኩ፣ ቲክቶክ ላይ ለቀቅሁት።

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ በሕይወቴ እንደዚያ ታይቼ አላውቅም። ሰው እየተቀባበለ ያየዋል። ከሥሩ «ይሄ ሱቅ የት ነው?» የሚል ጥያቄ ጎረፈ። እኔ ምኑን አውቄ! ለእያንዳንዱ በትሕትና መለስኩ፦ «ከፖስታ ቤት ወረድ ብለው ከጁስ ቤቱ አጠገብ ያገኙናል፣ እሑድም ክፍት ነን።» አንዱ «እንመጣለን» ሲለኝ «በደስታ! ስንት ናችሁ?» አልኩት። «ብዙ ነን» አለኝ። ተደስቼ ሱሪዎቹን በቁጥር በቁጥር ደረደርኩ።

ከሰዓት በኋላ ሙክታር ብርጭቆ እያደራረቀ መጥቶ ከአሻንጉሊቱ ፊት ቆመ። ሙክታር ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ማንጎ ሲፈጭ እንኳ ማሽኑ የሚጮኸው እሱን ላለማስቀየም ቀስ ብሎ ይመስለኛል።

«ሌንሳ ታውቃለች?» አለኝ።

«ሰርፕራይዝ ነው።»

«ሰርፕራይዝስ ይሆናል» አለና ካርቶኑን ደግሞ አነበበው። «ስማኝ ወንድሜ፣ ይሄን አውርደው።»

«ለምን? ማዶ ያለው የዳይፐር ቦርሳ ላይ ሲያደርገው ማን ተናገረው?»

«እሱ ጥለት ነው። ይሄ ዕቃ አይደለም።»

«ዕቃ ካልሆነ ምንድን ነው?»

«እኔን አትጠይቀኝ» አለ። «እኔም ወንድ ነኝ።»

እልኸኛ ነኝ። አውርድ ባይለኝ ኖሮ ምናልባት አወርደው ነበር። በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያ ደንበኛዬ ሆና የመጣችው አንዲት መምህርት ናት። ለባሏ ኮት ከገዛችኝ ሳምንት አልሞላትም። ኮቱን አጣጥፋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«ጠበበው?» አልኳት።

«አልጠበበውም።»

«ቀለሙ ለቀቀ?»

«ኮቱ ምንም አላደረገም» አለችኝና ወጣች። ልክስሽ፣ ልቀይርልሽ ብዬ በር ድረስ ተከተልኳት፤ ዞር ብላ አላየችኝም።

ከእሷ ቀጥሎ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ገብተው ካርቶኑን በጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው አነበቡ። አንብበው ሲጨርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ባለትዳር ነህ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«እስካሁን?» አሉና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሰው መምጣቱን ተወ። በደጃፌ የሚያልፉ ሴቶች ወደ ማዶ ይሻገራሉ። ስልኬ ላይ ደግሞ የማላውቃቸው ሰዎች «ከዚህ ሰውዬ አትግዙ» እየተባባሉ ሱቄን ይጠቋቆማሉ፤ የሚጠቋቆሙትም ራሴ በሰጠሁት አድራሻ ነው። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ምን አስቆጣቸው? ከሴቶቹ ቁጣ ተነሥቼ አንድ መደምደሚያ ላይ ደረስኩ፤ ሱሪው ለወንድ ብቻ በመሆኑ ቅር ተሰኝተዋል። ሰው ሲሳሳት በጭንቅላቱ ይሳሳታል፤ እኔ በሙሉ ሰውነቴ ነው የምሳሳተው። ካርቶኑ ግርጌ ላይ በአረንጓዴ ቀለም ጨመርኩበት፦ «ለሴቶችም አለን!»

ይህንኑ ፎቶ አንሥቼ ለቀቅሁት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሌንሳ ደወለች።

«አሻንጉሊቱ የያዘው የማን ነው?» አለች። ሰላምታ የለም።

«የቱ? ዘንጉ? የቤታችን ነው።»

«የቤታችን» አለች፣ ቃሉን ቀስ ብላ እንደምትቀምስ ሁሉ። ከጀርባዋ ሕፃን ሲያለቅስና እናቷ ሲያባብሉ ይሰማል። «ነገ እመጣለሁ ብዬህ ነበር አይደል?»

«አዎ፣ መናኸሪያ ልቀበልሽ ነው።»

«አሁን አላውቅም» አለችና ዘጋችው።

ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ሌንሳ የምትቆጣ ሴት ናት፤ ስትቆጣ ቤቱ ይሞቃል፣ ከዚያ ይበርዳል፣ እራት እንበላለን። ይኼኛው ግን ቁጣ አልነበረም። «አላውቅም» ያለችው ስለ ነገ ይሁን ስለ ሁልጊዜው አልገባኝም። መልሼ ደወልኩ፣ አላነሣችም። ሲንቄውን ከአሻንጉሊቱ ላወጣ ሞከርኩ፤ እጅጌው ውስጥ ተቀርቅሮ እምቢ አለኝ። ብጎትተው ሊሰበር ነው ብዬ ፈራሁ። በር ዘግቼ ቤቴ ገባሁ፣ አበባዎቹን ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ አጠጣሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ካርቶኑን እየነቀልኩ ሳለ ከመንገዱ ራስ እልልታ ሰማሁ። እልልታ ሲሰማ ነጋዴ የሚያስበው ሠርግ ነው። ካርቶኑን እንደያዝኩ ወደ በሩ ወጥቼ እያጨበጨብኩ ጠበቅሁ። ባጃጆቹ ጥግ ጥጉን እየያዙ ይቆማሉ። ሴቶች ናቸው፤ ሃያ ይሆናሉ፣ ከዚያም ይበልጣሉ፤ እየዘፈኑ ይመጣሉ። እያንዳንዳቸው በእጃቸው ቀጭን፣ ቀጥ ያለ ዘንግ ይዘዋል። ማጨብጨቤን የተውኩት ከፊት የሚመሩትን አማቴን፣ አዴ ኡርጌን፣ ሳይ ነው።

አማቴ ከዴራ ጎረቤቶቻቸውን በሚኒባስ አሳፍረው፣ መልካሳ ላይ ዘመዶቻቸውን ጨምረው፣ አዳማ ላይ የተቆጡትን ሁሉ አስከትለው ነው የመጡት። ሱቄ ደጃፍ ሲደርሱ ዘፈኑን አቆሙና አስፋልቱ ዳር ተቀመጡ። አለቀ። ድንጋይ የለም፣ ስድብ የለም። እኔ መስታወቴን ልዘጋ ስሯሯጥ ሙክታር ክንዴን ያዘኝ።

«አይመቱህም። ሲንቄ ሰው አይመታበትም፣ ከብትም አይነዳበትም» አለኝ። «ቁጭ ይላሉ እንጂ።»

«እስከ መቼ?»

«በደሉ እስኪካስ።»

ቢመቱኝ ይሻል ነበር። ሃያ ሴት ዝም ብላ ስታይህ እጅህን የት እንደምታደርግ ግራ ይገባሃል። ኪሴ ከተትኳቸው፣ አወጣኋቸው፣ አንዱን ባንኮኒው ላይ ረሳሁት። ከዚያ ሌንሳን አየኋት። ከሴቶቹ መሃል ቆማለች። ሁሉም ዘንጋቸውን ይዘዋል፤ እሷ የእጅ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ሌላ የምትይዘው ነገር የላትም። የእሷ እኔ ሱቅ ውስጥ ሱሪ ተሸክሟል።

ያኔ ነው ከዘጠነኛው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ያፈርኩት።

አማቴ ተነሥተው ወደ ሱቁ ገቡ። መቼም አማች በኦሮምኛ ሶዳ ነው፣ ዳ ይጠብቃል፤ ካላጠበቁት ፍርሃት ማለት ነው። በእኔ አፍ ጠበቀም ላላም ልዩነት የለውም። በእሳቸው ወግ ደግሞ አማትና አማች ተፋጠው አይነጋገሩም፣ በስምም አይጠራሩም። በስድስት ዓመት አንድ ቀን ስሜን ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም፤ ዛሬ ተቆጥተው ይጠሩኛል ብዬ ስጠብቅ በአጠገቤ አልፈው ከአሻንጉሊቱ ፊት ቆሙ።

«አካም ጅርታ?» አሉት፤ ሰላምታ መሆኑ ነው።

«ፈያዳ» አልኩ፣ ደህና ነኝ ማለቴ ነው፤ አሻንጉሊቱ ዝም ሲል ነውር መስሎኝ።

«ይህን የያዝከውን ማን ሰጠህ?» አሉት በአማርኛ፣ ለእኔ ሲሉ።

«እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ እማማ።»

እኔን አላዩኝም። «ለሚያለብስህ ሰው ንገረው» አሉት። «ሲንቄ ምንድን ነው? ብለህ ጠይቅልኝ።»

ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ልጅ ላብ አጠመቀኝ። «ዘንግ ነው» አልኩ። ከውጭ አንዲት ሴት ምላሷን ጠቅ አደረገች። «ጌጥ ነው... የሠርግ» አልኩ። ሁለት ሴቶች ጠቅ አደረጉ። በመጨረሻ ሰው ሁሉ የሚስማማበትን ቃል ላምጣ ብዬ «ባህላችን ነው!» አልኩ። ጸጥ አለ።

ይህቺ «ችን» የምትባል የቃል ጭራ ደፋር ታደርጋለች። ቤታችን ስል የእኔ ማለቴ ነበር። ባህላችን ስል ልሸጠው እችላለሁ ማለቴ ነበር። አንድ ቀን ያልጠየቅሁበትን፣ ለምን እንደሆነ ያልሰማሁትን ነገር፣ መኝታ ቤቴ ስለቆመ ብቻ የእኔ አድርጌው ነበር። ማዶ ያለው ነጋዴም ገበያ ያገኘው በዚህችው ጭራ ይሆናል፤ ግን እሱ ከመርካቶ የገዛውን ቦርሳ ነው የሸጠው። እኔ ከሚስቴ ራስጌ ነው ያነሣሁት።

አማቴ አሻንጉሊቱን ቀስ ብለው ነገሩት። «ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ አብራት አትሄድም። ይህ ነው አብሯት የሚሄደው። ባል ሲበድላት ይህን ይዛ ትወጣለች። የያዘችውን ያየች ሴት ሁሉ ሥራዋን ጥላ ትከተላታለች። እንግዲህ ጠይቅልኝ፣ ልጄን ይህ ሰው ቢበድላት ምን ይዛ ትውጣ?»

ተከሳሹ የዳኛውን ወንበር ወስዶ ልብስ ማድረቂያ አድርጎታል። ከሳሿ ቦርሳዋን ይዛ አስፋልት ላይ ቆማለች።

«አወጣዋለሁ፣ አሁኑኑ እመልሳለሁ» ብዬ አሻንጉሊቱ ላይ ዘመትኩ። ዘንጉ እንዳይሰበር ብዬ እጅጌውን ይዤ ስጎትት ሸሚዙ ተተረተረ፣ አሻንጉሊቱ ተገለበጠ፣ ከነቀጭን እግሮቹ ደረቴ ላይ ወደቀ። ሱሪው በገዛ ፈቃዱ ጉልበቱ ድረስ ወረደ። ያ ስንት ሰው ያሰቃየ ሱሪ ያን ቀን ብቻ ሰፋ! ከውጭ የታፈነ ነገር ሰማሁ፤ ሃያ ሴት ላለመሳቅ ስትታገል የሚወጣው ድምፅ ነው። አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሌንሳ አልሳቀችም። ገባች፣ ሁለቱን ሱሪዎች ከጫፉ አወረደች፣ አጣጥፋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠቻቸው፤ የነጋዴ ሚስት ናትና እጇ እምቢ አላላትም። ዘንጉን በቀስታ አዙራ አወጣችውና በነጠላዋ ጠረገችው። ከዚያ ወጥታ ከሴቶቹ መሃል ቆመች። አሁን ሙሉ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥርዓት ነው። በግ ማረድ እንዳለብኝ፣ እሱም ዴራ እንደሚሆን ተነገረኝ። አሁን ግን ለምለም ሣር ይዤ ቀርቤ ይቅርታ መለመን አለብኝ። እናንተዬ፣ አዳማ መሃል አስፋልት ላይ ለምለም ሣር ከወዴት ይመጣል? ሮጥኩ። ሙክታር ያቀበለኝን የናና ቅጠል መለስኩለት፤ በዚያ ሰዓት ሁለተኛ ስሕተት አልደፍርም። ዋናው መንገድ ላይ ከመኪናዎቹ መሃል የተተከለውን ሣር ተንበርክኬ ስነጭ ፊሽካ ተነፋብኝ። ጥበቃው ዱላውን ይዞ መጣ።

«መርገጥ ክልክል ነው የሚለውን አላየህም?»

«መርገጤ አይደለም፣ ልነጭ ነው።»

«ይባስ! ለምንህ?»

«ለሲንቄ ነው። ሴቶቹ ሱቄ ደጃፍ ተቀምጠዋል። ሚስቴም አለች።»

ጥበቃው ዱላውን ብብቱ ውስጥ ከተተ። ግራ ቀኙን አይቶ ጎንበስ አለና አንድ እፍኝ ሙሉ ነጭቶ ሰጠኝ። «ይሄኛው ይሻላል፣ ትናንት ነው ያጠጣሁት» አለኝ። ጥቂት ስሄድ ጠርቶ «ጫማህን አውልቀህ ቅረብ!» አለኝ።

ጫማዬን አውልቄ፣ ሣሩን በሁለት እጄ ይዤ ቀረብኩ። «ዲፋማ» የሚለውን የይቅርታ ቃል ሙክታር ሦስት ጊዜ አስጠንቶኛል። የአማቴ ጎረቤቶች ሣሩን ተቀበሉኝ፣ መረቁኝ። አማቴ ግን ምርቃቱ ሲያልቅ አሁንም ለአሻንጉሊቱ፣ መሬት ለተጋደመው፣ ተናገሩት።

«እኛ ጨርሰናል። ወደ ቤት መግባት አለመግባቱ ግን የልጄ ነው። ማንም አይግፋት።»

ሴቶቹ ወደ ሙክታር ጥላ ገብተው ጁስ ጠጡ። ሌንሳም ጠጣች፣ ሲንቄዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። እኔ ባዶ እግሬን በር ላይ ቆሜ የብርጭቆዋን ጠርዝ አያለሁ። ሲጋመስ አየሁ፣ ሲያልቅ አየሁ። በሕይወቴ አንድ ብርጭቆ ፓፓያ እንዲያ ሲያስጨንቀኝ ይኸው የመጀመሪያዬ ነው። አፏን ጠረገች።

«ባጃጅ ጥራ» አለችኝ።

ባጃጁ ውስጥ ዘንጉ አልበቃ ብሎ ጫፉ በጎን ወጣ። ሹፌሩ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው፣ በመስታወቱ አየንና ቀስ ብሎ መንዳት ጀመረ። እኔ ደስ ደስ ብሎኝ ዝም ማለት አቃተኝ።

«እንኳን አልተሰበረ» አልኩ። «ደግሞም እስከ ዛሬ አንድ ቀን አላስፈለገሽም፣ ተመስገን ነው።»

ሌንሳ መንገዱን እያየች ነው። «አንድ ቀን ይዤው ተነሥቻለሁ» አለች።

«በማን ላይ?»

ዞር ብላ አየችኝ።

«መቼ?» አልኩ።

«አንድ ቀን።»

«ወንጂ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ረስቼሽ ብቻዬን የተመለስኩ ቀን?»

«አይደለም። ያን ቀን ስቄ ነበር።»

«ጓደኞቼ ፊት የእናትሽን አማርኛ ያስመሰልኩ ቀን?»

ዘንጉን ወደ ራሷ አስጠጋች። «እሱን አልሰማሁም ነበር» አለች።

ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ግን አንዴ ቁልቁለት ገብቻለሁ፣ ፍሬን የለኝም። «እሺ፣ ሥራ አገኘሁ ስትዪኝ ቤቱን ማን ያያል ብዬ የቀጣሪሽን ስልክ...»

«ስልኩን ምን?»

«ወንድሜ» አለ ሹፌሩ ሳይዞር፣ «እኔ አንተን ብሆን አሁን አርፌ እቀመጣለሁ።»

አርፌ ተቀመጥኩ። ቤት እስክንደርስ የስድስት ዓመቱን ቀን በሙሉ እያገላበጥኩ ነበር። ስምንቱን ቀን አስቡልኝ ያልኳችሁን ተዉት፤ እኔም ተውኩት።

ቤት ገብታ ቦርሳዋን አስቀመጠች። ወደ መኝታ ቤት ትሄዳለች ስል ሲንቄውን ከመውጫው በር ጎን፣ ግድግዳው ላይ አስደግፋ አቆመችው።

«እዚህ?» አልኳት። «መኝታ ቤት አልነበረም እንዴ?»

«ያን ቀን ከመኝታ ቤት እስከዚህ በር ስመጣ ነው ሐሳቤን የለወጥኩት» አለችና አበባዎቿን ልታይ ወጣች።

በማግስቱ ገበያ ስትሄድ ጠብቄ መንገዱን በእግሬ ለካሁት። ከአልጋው ራስጌ እስከ በሩ ስድስት እርምጃ ነው። በእሷ እርምጃ ስምንት ቢሆን ነው።